የአራቱ ብሎኖች ግማሽ ዙር

መስከረም 12

ለእህቴ ልጅ ለጥያቄ፤

ጥያቄ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን። ባለሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይቁምልሽ፣ የምትይዥውን ሁሉ ያቅናልሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ጉዳዩ ቁጥር ስላለበት ነው። በስልክ ቁጥር ሲነገር አንዱ ይሰማል፣ ሁለቱ መንገድ ይቀራል።

እንደምታውቂው የእጅ መታጠቢያ ገንዳ የምታወጣዋን ፕሬስ ከያዝኩ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ላሜራውን ሴቴው ሞልድ ላይ አጋድማለሁ። ያዡ ክፈፍ ከላይ ወርዶ ዳር ዳሩን ጨብጦ ይይዘዋል። ከዚያ ወንዴው ሞልድ መሃሉን ገፍቶ ገንዳ ያደርገዋል። ባለፈው ክረምት ላሜራ የሚያቀርብልን ድርጅት ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ከአምስት ገንዳ አንዱ ማዕዘኑ ላይ እንደ አሮጌ ሸሚዝ ኮሌታ ይጨማደዳል። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱ የላሜራው ነው ብንለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጭራሽ ብዙ ያበላሸውን ሠራተኛ ስም በየሳምንቱ በር ላይ መለጠፍ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተለጠፈው የኔ ነው። ጥበቃው እንኳ ጠዋት ስገባ እንዳላፍር ብሎ ሌላ ሌላውን ያያል።

አንዴ ስንጫወት «እኔም ብረት እጫናለሁ፤ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ነው» ብለሽኝ ስቄብሽ ነበር። አሁን አልስቅም። የኔን ገንዳ እዚያ ውስጥ ልትጫኚልኝ ትችያለሽ? ደክሞኛል ልጄ። ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ስሜ በር ላይ ተለጥፎ መውጣት አልፈልግም።

አጎትሽ


ጥቅምት 3

ለውድ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እትዬንም ልጆቹንም በያሉበት ሳሙልኝ። ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስምዎ በር ላይ ተለጥፏል የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ።

እሠራልዎታለሁ። የምሠራበትን መንገድ ልንገርዎ፣ ምን እንደምጠይቅዎት እንዲገባዎት። ላሜራውን ኮምፒውተር ውስጥ እንደ መረብ በትናንሽ ክፍሎች እከፋፍለዋለሁ፣ ስድስት ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ወንዴው ሲወርድ እያንዳንዷ ክፍል ምን ያህል እንደተሳበችና እንደሳሳች ይሰላል። ሞልዱንና ያዡን ግን አልከፋፍላቸውም። እነሱን ግትር አካል እንላቸዋለን፤ የማይታጠፍ፣ የማይለጠጥ፣ የማይደክም ማለት ነው። በአንድ ነጥብ ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች ብቻ አንቀሳቅሳቸዋለሁ፣ ሒሳቡም ያጥርልኛል። ከዚያ ላሜራው ሞልዱ ላይ ሲንሸራተት ምን ያህል ይዞ እንደሚያስቀረው አንድ ቁጥር እሰጠዋለሁ። የሰበቃ ቁጥር ይባላል።

ስለዚህ የላሜራውን ውፍረት፣ የገንዳውን ጥልቀት፣ የማዕዘኑን ክብ፣ ያዡን የሚያጠብቁት ብሎኖች ስንት እንደሆኑና እርስዎ ላሜራው ላይ ምን እንደሚቀቡ ይጻፉልኝ። እዚህ በምሳ ሰዓት የቢሮውን ኮምፒውተር የሚነካው ስለሌለ እሱን እጠቀማለሁ። ቢሮውም አይከፋውም።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 24

ለጥያቄ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ክፉ አይንካሽ። የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። የማይታጠፍ፣ የማይለጠጥ፣ የማይደክም የሚለው ጋ ስደርስ «የት ነው የሚሸጠው?» አለች። እስካሁን እየሳቅን ነው።

የላሜራው ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ይባላል እንጂ አይደለም። በካሊፐር አሥር ቦታ ለካሁት፤ የትም ቦታ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አልሞላም። የገንዳው ጥልቀት መቶ ስልሳ፣ የማዕዘኑ ክብ አርባ። ብሎኖቹ አራት ናቸው፣ በአራቱ ማዕዘን። የሞልዱን ሥዕል በሌላው ወረቀት ላይ ሠርቼልሻለሁ፤ ያልተስተካከለው መስመር ሞልዱ ሳይሆን እጄ ነው።

ምን ይቀባል ላልሽው ያገኘነው ይቀባል። ድሮ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚመጣ ግራሶ ነበረን። እሱ ካለቀ ወዲህ የመኪና ግራሶ ከተቃጠለ ዘይት ጋር በጥብጠን ነው የምንቀባው። ጠዋት ብርድ ስላለ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ከሰዓት ደግሞ እንደ ውሃ ይፈሳል። ቁጥሩ ስንት ነው ብትይኝ አላውቅም፤ የጠዋቱ ቁጥርና የከሰዓቱ ቁጥር አንድ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ሌላ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ፕሬሷ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ዓይን አያየውም፣ ክንድ ያውቀዋል። ዶክተር የምንለው የጥገና ኃላፊ ለማንኛዋም ማሽን «ትረፍ» ከማለት ሌላ መድኃኒት የለውም፣ እሷን ግን የሚያሳርፋት የለም።

ስሜ ዛሬም እንደተለጠፈ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 28

ለውድ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? መዘግየቴን አውቃለሁ። የቢሮው ሥራ በላይ በላዩ መጣብኝ፣ ለእርስዎ የቀረችኝ የምሳ ሰዓት ብቻ ናት። እንጀራዬን በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው ገንዳዎን ስጫን ከረምኩ።

ሠላሳ አራት ጊዜ ሞከርኩት። ሃያው ላይ ሒሳቡ መሃል መንገድ ቆመ። ላሜራውና ሞልዱ የሚነካኩበት ቦታ ኮምፒውተሩን ያስጨንቀዋል። አንዴማ ላሜራው ሞልዱን ሰንጥቆ በዚያ በኩል ብቅ አለ። ብረት በብረት ውስጥ ሲያልፍ ኮሽታ እንኳ የለውም፣ ይገርማል። በመጨረሻ ግን ተገኘ። ያዡ ዳሩን አጥብቆ ስላልያዘው ነው የሚጨማደደው። አራቱንም ብሎኖች እኩል ግማሽ ግማሽ ዙር ያጥብቋቸው። እኔ ጋ እንደዚያ ሳደርገው ማዕዘኑ ልስልስ ብሎ ወጣ፣ መቀደድም አላሳየም።

ስለ ግራሶውና ስለ ማዘንበሏ የጻፉትን አይቻለሁ። ብዙ ለውጥ አያመጣም። ይሞክሩትና ይጻፉልኝ። ስምዎ ከዚያ በር እንዲነሳ የምመኘውን ያህል ሌላ የምመኘው የለም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 9

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን። መነጽሬ ስለተሰበረ እኔ እየተናገርኩ ባለቤቴ ናት የምትጽፈው። የላክሽው ምክር ደርሶኛል፣ ሞክረነዋል፣ ጥሩ ነው። ከእንግዲህ በዚህ አትድከሚ፣ የራስሽን ሥራ ሥሪ። ስሜም ከበሩ ተነሥቷል። ስለዚህ ጉዳይ እዚያ ቢሮሽም ሆነ እዚህ ፋብሪካ ለማንም ምንም አትጻፊ። አደራ።

አጎትሽ

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እኔ ባለቤቱ ነኝ፣ እሱ አያውቅም። መነጽሩ ደህና ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም፣ ሦስተኛው አይታጠፍም። ያጠበቀው ብሎን ተበጥሶ ነው። ፋብሪካው «ሳይፈቀድልህ ማሽን ነካክተሃል» ብሎ አባሮታል፣ ሕክምናውንም አልሸፈነም። ስሙ የተነሣው ለዚህ ነው። ቀን ቀን ግድግዳ ሲያይ ይውላል። አንቺን ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።


ጥር 25

ጋሼ፤

ዛሬ የሰላምታ ቃል አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። እትዬን አይቆጧት። ደግ አደረገች።

እውነቱን እኔም ልንገርዎ። የጻፉልኝን ሁሉ አልተጠቀምኩበትም። የሰበቃውን ቁጥር መጽሐፍ ውስጥ ካለ ሠንጠረዥ ነው የወሰድኩት፤ ንጹሕ ላሜራ፣ ጥሩ ዘይት፣ ሙቅ ክፍል ተብሎ የተጻፈውን። የእርስዎን የጠዋት ሙጫ ለማስገባት ሒሳቡን እንደ አዲስ መሥራት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ተውኩት። ማዘንበሏንም እንደዚያው። ያዡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ኃይሉም ለአራቱ ብሎን እኩል ይከፈላል ብዬ ያዝኩ። እርስዎ ክንዴ ያውቀዋል ያሉኝን እኔ ብዙ ለውጥ አያመጣም ብዬ በአንድ መስመር አለፍኩት። ያቺን የእርስዎን መስመር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርዎትም።

ሌላም አለ። ቢሮው አይከፋውም ያልኩት ውሸት ነው። የቢሮውን ኮምፒውተር ለግል ሥራ መጠቀም ክልክል ነው፣ ፈርሜበታለሁ።

እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ። ሁሉንም። ከዚያ ግራሶ በትንሽ ጠርሙስ፣ ከላሜራውም ቁራጭ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ።

ጥያቄ


የካቲት 11

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። ዛሬም ባለቤቴ ናት የምትጽፈው፤ የፈለገችውን ትጨምር ብያታለሁ፣ ምንም የምጨምረው የለም ብላለች።

ታኅሣሥ 14 ጠዋት ነው። አራቱንም ብሎኖች ግማሽ ግማሽ ዙር አጠበቅሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገንዳዎች እንደ እንቁላል ለስልሰው ወጡ። ሠራተኛው ተሰብስቦ አየልኝ። «የእህቴ ልጅ...» ልል ነበር፣ ጥቂት ካወጣሁ በኋላ ይሻላል ብዬ ዋጥኩት። አራተኛው ላይ ላሜራው በግራ ማዕዘን ተቀደደና ወንዴው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያዡ ወደ ላይ ተነሥቶ ቆሟል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዳደረግሁት እጄን ሰድጄ ላላቅቀው ስል አንዱ የግራ ብሎን ተበጠሰ፣ ያዡም በዚያ በኩል ወረደ። ሕመሙ ወዲያው አልተሰማኝም። አጠገቤ ያለው ሰው ሲጮህ ምን ሆነ ብዬ ወደሱ ነው ያየሁት።

ሥራ አስኪያጁ ሆስፒታል ድረስ መጣ። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ «ብሎኑን ማን አጥብቅ አለህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«በራስህ?»

«በራሴ።»

በዚህች ቃል ነው ያባረሩኝ። ያንቺን ስም ባነሣ ምን እንደሚመጣብሽ አላጣሁትም። ቢሮው አይከፋውም ስትይኝ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ ልጅ ሆነሽም ስትዋሺ ነገሩን አሳጥረሽ ነበር የምትናገሪው።

አልተቆጣሁም ብል ልዋሽሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስምሽ ሲነሣ ፊቴን አዞር ነበር። ከዚያ እሱም ደከመኝ። ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ እጄንም የሰደድኩት እኔ ነኝ። ስሜ ከዚያ በር እንዲነሣ የቸኮልኩትም እኔ ነኝ። ፕሬሷ እንደምታዘነብል ካንቺ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር።

የግራሶው ጠርሙስና የላሜራው ቁራጭ በጎረቤታችን ልጅ እጅ ይደርስሻል። ለምን እንደፈለግሽው አልጠየቅሁም። አሁንም ልለምንሽ፣ ለማንም አትጻፊ። በኔ የደረሰው ይበቃል።

አጎትሽ


የካቲት 13

ለውድ አጎቴ፤

ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ። ደብዳቤዎ ገና አልደረሰኝም። ሳልጠብቀው ያደረግሁትን ልንገርዎ፤ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። መጀመሪያ «ይህን ስንት ሰው ያውቃል?» አለኝ። «አጎቴ ያውቃል» አልኩት። ከዚያ መግቢያ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ። ውሳኔው እስኪመጣ ቤት ነኝ።

ለፋብሪካው አስተዳደርም በስሜ ጻፍኩ። ግማሽ ዙር ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሳልለካ እንደሆነ፣ እርስዎ ስለ ማዘንበሏ አስቀድመው ጽፈውልኝ እንደነበር። የራስዎን የጥቅምት ደብዳቤ ግልባጭ አያይዤበታለሁ። ፕሬሷ እንድትለካም ጠይቄያለሁ።

አትጻፊ ብለውኛል። አልቻልኩም፣ ጋሼ።

ጥያቄ


መጋቢት 15

ለጥያቄ፤

ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ በግራ እጄ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛልና በፊደሉ አትሳቂ።

ደብዳቤሽ ለኔ ሳይደርስ ለፋብሪካው ኮሚቴ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ጠሩኝ። አምስት ሰዎች ናቸው፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ። ሥራ አስኪያጁ መሃል ላይ ነው። እኔ ምን እንደያዙ አላውቅም።

«ብሎኑን እንድታጠብቅ ከውጭ የመከረህ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

«ዘመድ?»

«እኔ እንዲህ ያለ ዘመድ የለኝም።»

ወረቀት አወጣና ያንቺን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ የኔን የጥቅምቱን፣ በደህና እጄ የጻፍኩትን። ስለ ማይደክመው አካል ባለቤቴ ያለችውን ሳይቀር አነበበው። አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች። እኔ መሬቱ ቢከፈትልኝ በወደድኩ። ላድንሽ ብዬ ዘመዴ አይደለችም ያልኩሽ አንቺ ስሜን ይዘሽ ከፊቴ ቆመሻል።

ያቺ የሳቀችው የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ናት። «ሰውየውን ተዉት፣ ፕሬሷን የለካት አለ?» አለች። ሁሉም ወደ ጥገናው ኃላፊ ወደ ዶክተር ዞረ። ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮቱን አስተካከለ። «ሦስት ሚሊሜትር ታዘነብላለች። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ትቁም ብዬ ነበር» አለ። «መቼ?» «ካቻምናና አምና።» ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ሲከፍት ሲዘጋ ቆየ።

ሕክምናዬን ሊሸፍኑ፣ ወደ ሥራ ሊመልሱኝ ወሰኑ። ፕሬስ ላይ ሳይሆን የወጣ ገንዳ መርማሪ አድርገው ነው። ደስ ያለኝ መስሎሽ ነበር? ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ያንቺስ ውሳኔ ምን ሆነ? እንደ ልማድሽ አታሳጥሪው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 4

ለውድ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንኳን ወደ ሥራዎ መለሰዎት። ደብዳቤዎን ሳላሳጥር እመልሳለሁ። አባረውኛል። በጨዋ ቋንቋ ነው፤ ለወደፊት ሕይወትሽ መልካሙን እንመኛለን ይላል። አሁን አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ የተጫኑ ብረቶችን እለካለሁ፤ ከምሳ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ፣ እድፉ አይለቅም።

የላኩት ግራሶ ደርሶኛል። የወርክሾፑ ባለቤት አንድ ጥግ ፈቀደልኝ። በላሜራው ቁራጭ ላይ ቀባሁት፣ በተወለወለ ብረት ላይ አስቀመጥኩትና መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ብረቱን ከአንድ ጎን ቀስ እያልኩ አነሣሁት። ጠዋት በብርዱ፣ ከዚያ ደግሞ ሙቀት አጠገብ አቆይቼ። የጠዋቱ ቁጥር ከመጽሐፉ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጠርሙስና አንድ ጠዋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

የወርክሾፑን ኮምፒውተር አስፈቅጄ ሒሳቡን ደገምኩት። ያዡን ግትር እንደሆነ ተውኩት፣ ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ወደ ግራ አዘነበልኩት። ከጠቅላላው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚወድቀው በአንዱ የግራ ብሎን ላይ ነው። አራት ነን ብለው ቆመው የሚሸከመው አንዱ ብቻ ነው። ብሎኑ ቢቀየርም አዲሱም ይበጠሳል፣ ቀኑን ብቻ ነው የማላውቀው። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ፕሬሷ ተስተካከለች? ማን ነው የያዛት? ይህን ሳይመልሱልኝ አይዋሉ።

ጥያቄ


ሚያዝያ 29

ለእህቴ ልጅ ለጥያቄ፤

ሰላምሽ እንደ አሸዋ ይብዛ። ከሥራ ስለመባረርሽ ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ስለዚህ አልልም። ባለቤቴ ግን ተቀምጣ አልቅሳለች።

አልተስተካከለችም። አዲስ ብሎን አስገብተው ቀለም ቀቧት። ትልቅ ትእዛዝ ስለመጣ ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ሴት አምጥተው አቆሙባት፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ባሏን አምና ቀብራለች። እኔ ከአሥር እርምጃ ርቀት ገንዳ እመረምራለሁ። ሥዕልሽን ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። «ትእዛዙን እናስረክብ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። ለዶክተር አሳየሁት። «እኔማ ጽፌያለሁ» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ላሜራ ተጣበቀባት። እጇን ስትሰድ አየሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ክንዷን ይዤ ሳብኳት፣ ማጥፊያውን ተጫንኩ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። መጀመሪያ ሰደበችኝ። ከዚያ ጣቶቹ የጎደሉትን እጄን አየችና ከፕሬሷ ራቀች።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። «ቁልፉን አምጣ።»

«እስክትስተካከል አልሰጥም።»

«ትባረራለህ!»

«አንዴ ተባርሬ አይቼዋለሁ» አልኩት።

ጥበቃውን ጠራው። ጥበቃው መጥቶ አጠገቤ ቆመ እንጂ አልነካኝም። ያቺ ሴት ሽርጧን ፈታ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ማሸጊያዎቹ ተከትለዋት መጡ፣ ቀለም ቀቢዎቹም። መፈክርም የለ፣ ጭብጨባም የለ። ደክሟቸው የተቀመጡ ነበር የሚመስሉት፣ ምናልባትም እንደዚያው ነው። እስከ ሐሙስ እንዲሁ ገብተን እየተቀመጥን ወጣን።

ዓርብ ዶክተር ሁለት ሰዎች ይዞ መጣና መሠረቷን መፍታት ጀመረ። አንድ ወር ይፈጃል ይላል። ሥራ አስኪያጁ ባጠገቤ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም፤ የመባረሪያ ደብዳቤዬንም ሳያዘጋጅልኝ አይቀርም። ፕሬሷ አሁን ወለሉ ላይ ተበትና ተኝታለች፣ ለጊዜው የምትነሣበትም መንገድ የለም።

ቁልፉን ግን አልሰጠሁም።

አጎትሽ